ኢኮው ሲጠፋ

ጎጃሜን እንግዳ መቀበል የሚያስተምረው የለም ይባላል። እኔ ግን ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ሙዚቃ ማጫወቻ ሲበልጠን አይቻለሁ።

ሞባይል ገና በየኪሱ መግባት የጀመረበት ዘመን ነው። ታስታውሱ እንደሆነ፣ አብዛኞቹ ማጫወቻዎች ዘር ቆጣሪ ነበሩ። ኤምፒስሪ ከሆነ ይግባ፤ ሌላውን «ፎርማቱ አይታወቅም» ብለው ከደጅ ይመልሱታል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሺዋስ በሚባል ሰው ሙዚቃ ቤት ያለው ማጫወቻ ግን የመጣውን ሁሉ ያስተናግዳል። ያውም ዘፈኑ ሳይቋረጥ ድምፁን ታወፍሩታላችሁ፣ ታቀጥኑታላችሁ፣ ታዘገዩታላችሁ። የሺዋስ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ኢኮውን፣ ድምፅ የሚያስተጋባውን ነው። ዘፈን ያለ ኢኮ ለእሱ በርበሬ የሌለው ወጥ ነው።

እኔ ደግሞ ለዘገባ ስዞር የአንድ አረጋዊ የዜማ መምህር ድምፅ በትንሽ መቅረጫ ቀድቼ ነበር። መምህሩ ካረፉ በኋላ ደቀ መዝሙራቸው መሪጌታ አዳሙ ከቡሬ ገጠር መጡብኝ። መሪጌታ በቅጂዬ ካለው ዜማ አንዱን ቃል በርክርክ፣ ማለት ድምፅን እያርገፈገፉ፣ ለዓመታት አስተምረዋል። አብሯቸው የተማረ ሰው «መምህራችን እዚያ ላይ አርገፍግፈው አያውቁም» አላቸው። እሱ ልክ ከሆነ የመሪጌታ ተማሪዎች ሁሉ ስህተቱን ይዘው በየደብሩ ቆመዋል።

ሦስት ሙዚቃ ቤት ዞርን፤ ቅጂዬን የሚከፍት ጠፋ። የየሺዋስ ማጫወቻ ሳያንገራግር ከፈተው። ቃሉ ጋ ሲደርሱ የመምህሩ ድምፅ ተርገፈገፈ።

«እሰይ መምህሬ!» አሉ መሪጌታ፣ ወለሉን በመቋሚያቸው እየመቱ። «ሰማህ አይደል፣ ጋዜጠኛው?»

የማምነው ማስረጃ ነው። «መሪጌታው ልክ ነበሩ» ብዬ ጻፍሁ።

የሺዋስ ጆሮውን አከከ። «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። ኢኮውን አላጠፋሁትም።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ድምፅ ይደጋግማል። ጠዋት ለሠርግ ዘፈን የከፈትሁት ነው።»

እርግጥ ሌሎቹም ቃላት ተርገፍግፈው ነበር። እኛ ግን የጠበቅነው አንዱን ብቻ ነበር።

መሪጌታ «ደህና ዋሉ» ብለው ቢወጡ ማን ይከሳቸዋል?

«አጥፋው» አሉ።

መምህሩ ቃሉን እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ አድርገው አለፉት።

«አዘግየው።»

ዘገየ፤ ድምፁ ግን አልጎረነነም። ያው ቀጥ ያለ ነው።

«ተሳስቻለሁ» አሉ መሪጌታ።

የሺዋስ ሊያጽናናቸው ፈለገ። «የኔታ፣ የእርስዎ እኮ ይበልጥ ያምራል!»

«ያምራል ልጄ። ያሳሳተኝም ማማሩ ነው። ኢኮ ያለውንም የሌለውንም ቅዳልኝ፤ ተማሪዎቼን ሰብስቤ እንዴት እንደ ተሳሳትሁ አሰማቸዋለሁ።»

ማጫወቻውን ያደነቅሁት እንግዳን ሁሉ በመቀበሉ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የጨመረውን መልሶ ማንሣት መቻሉን ይበልጥ አደንቃለሁ።

እኔም የጻፍሁትን ሰረዝሁ። ዛሬም ማስረጃ ሲያስደስተኝ፣ አስቀድሜ ኢኮው መጥፋቱን እጠይቃለሁ።