የሁሉ ወላጅ፣ ኦቦ ደገፋ

ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ፣ አንድም ልጅ ሳይወልድ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አባት የሆነ ሰው አይጠፋም። የለም የሚል ካለ፣ «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» ተብሎ አያውቅም ማለት ነው። ይህን የተባለ ልጅ ቤቱ ገብቶ እውነቱን አይናገርም፤ እውነት ቀበቶ ታስፈታለች። ስለዚህ ወላጅ ፍለጋ ይወጣል። ወላጅ ደግሞ አጥብቆ ለፈለገው ይገኛል።

አዳማ ውስጥ፣ ከአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የኖሩት ክቡር ኦቦ ደገፋ ናቸው። ሥራቸው ፀጉር ማስተካከል ነው፤ ሹመታቸው ወላጅነት። ጥሪ ሲመጣ ቶንዶሱን ያጠፋሉ፣ ግማሽ ፀጉሩ የተላጨውን ደንበኛ «አሁን መጣሁ» ብለው እዚያው መስታወቱ ፊት ይተዉታል፣ ኮታቸውን ከሚስማሩ ያወርዳሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ይገባሉ። ክፍያ አይቀበሉም። ከልጁ የሚጠይቁት «ሁለተኛ አይለምደኝም» የሚል ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ብዙውን ጊዜ እስከ ሐሙስ ይጠበቃል።

ንግግራቸው ለሁሉም ጥፋት አንድ ነው፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው ቲቸር። ልጁማ ምን ያድርግ፤ አሳዳጊው እኔ።» ይህን ብለው ወደ ልጁ ይዞራሉ። ያን ጊዜ የሚወርደው ተግሣጽ እንዲህ በቀላሉ የሚቻል አይደለም። ሊከስ የተቀመጠው መምህር ራሱ «ኧረ ይበቃል አባቴ፣ ሕፃን እኮ ነው» ብሎ ሲለምን ያበቃል።

ዘውድነሽ ለትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ሆና የመጣችው መስከረም ላይ ነው። ነገር ሁሉ በቦታው ካልሆነ ምሳዋን የማትበላ ሴት ናት። ኦቦ ደገፋ መጀመሪያ የመሐመድዘይን አጎት ሆነው ገቡ፤ አመሰገነቻቸው። በዚያው ሳምንት የተክለሃይማኖት የክርስትና አባት ሆነው ተመለሱ። ትንሽ ገረማት፤ ግን የአዳማ ዘመድ የተቀላቀለ ነው ብላ አለፈችው።

ጉዳዩ የፈነዳው በሞቲ ነው። ሞቲ የተጠራው ከክፍሉ አንደኛ ስለወጣ፣ ሽልማቱን በወላጁ ፊት ሊቀበል ነበር። ልጁ ግን ለምን እንደተጠራ አልጠየቀም፤ ሰው ለደግ ነገር ይጠራል ብሎ የነገረው የለም። ኦቦ ደገፋ ገና ወንበር ሳይዙ ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን ተናገሩ፤ የቤተ መጻሕፍቱን መስታወትም በራሳቸው ወጪ እንደሚያስገቡ ቃል ገቡ። ዘውድነሽ ስለ ምን መስታወት እንደሚያወሩ አልገባትም። ሄዳ መጋረጃውን ብትገልጠው የመስኮቱ አንድ ክፍል ባዶውን ነው። የሰበረው መሐመድዘይን ነበር። ኦቦ ደገፋ የአንዱን ልጃቸውን ኃጢአት በሌላው ልጃቸው ስም ተናዘዙ።

«ለመሆኑ ኦቦ ደገፋ፣ ስንት ልጅ አለዎት?» አለቻቸው።

ትንሽ አሰቡ። «የስንተኛ ክፍል?»

በማግስቱ አዲስ ደንብ ወጣ። ማንም ሰው መታወቂያውን አሳይቶ የማን ወላጅ እንደሆነ በር ላይ ሳይናገር አይገባም፤ ለአንድ ልጅ የሚገባው አንድ ወላጅ ነው፤ ወላጅ አምጣ ተብሎ ያላመጣ ተማሪ ደግሞ ክፍል አይገባም። ዘውድነሽ ክፋት አላሰበችም። ስለ ልጁ ያልሰማ ቤተሰብ ልጁን ሊያግዝ አይችልም፤ የሐሰቱ በር ከተዘጋ እውነተኛው ይከፈታል ብላ ነው። ደግሞም ተከፈተ። የመሐመድዘይን አባት ከመቂ የሽንኩርት ጭነት ላይ ተነሥተው መጡ፤ የተክለሃይማኖት እናት ልጇ ማንበብ እንደሚያስቸግረው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

የቀረችው ቡዜ ናት። አራተኛ ክፍል ናት፤ ማካፈል አልገባ ብሏት ሒሳብ ላይ ደጋግማ በመውደቋ ወላጅ አምጪ ተብላለች። እናቷ ጋዲሴ ላንጋኖ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፤ ቤቷ የምትመጣው ፈቃድ ስታገኝ ነው። ልጅቷን የያዟት አክስት ደግሞ ከተኙበት መነሣት የማይችሉ በሽተኛ ናቸው። ቡዜ ሳምንቱን ሙሉ በሩ ላይ ስትቆም ዘውድነሽ በቢሮዋ መስኮት ታያታለች። ሰኞ የማጠቃለያ ፈተና ነው፤ ፈተናው ያመለጠው ክፍሉን ይደግማል። ዘውድነሽ «እናቷ ትምጣ» እንዳለች ቀረች። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናትና፣ ከራሷ ጋር መጣላት አልቻለችም።

ቡዜ መቆም ሲሰለቻት ወደ ፀጉር ቤቱ ተሻገረች። ኦቦ ደገፋ ማካፈል አያውቁም። ግን ወንበራቸው ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ፊደል የቆጠረ ነው፤ አንገቱ በጨርቅ ታስሯል፣ ቶንዶሱም ጆሮው ሥር ይጮኻል። «እስቲ ለልጄ ማካፈልን አስረዳልኝ» ሲባል ማን እምቢ ይላል? አንድ የባንክ ሠራተኛ ቀሪውን እስኪያስረዳ ድረስ ግማሽ ፀጉሩን እንደተሸከመ ተቀመጠ። የባጃጅ ሹፌሩ ተራው ሳይደርስ ተነሥቶ ወጣ፤ ማባዛት ይጠይቁኛል ብሎ ነው አሉ።

እሑድ ፀጉር ቤቱ ተዘግቶ ዋለ። ሰኞ ጠዋት፣ ፈተናው ሊጀመር ሲል፣ አንዲት ሴት ቡዜን በእጇ ይዛ ዘውድነሽ ቢሮ ገባች። መታወቂያዋን አሳየች፤ ጋዲሴ ናት።

ዘውድነሽ ቡዜን ወዲያው ወደ ፈተናው ላከቻትና ለእናትየዋ ወንበር ሳበችላት። ጋዲሴ ስለ ጥሪው ምንም አልሰማችም ነበር። ልጅቷ የደበቀቻት እናቴ ፈቃድ ከጠየቀች ከሥራ ትባረራለች ብላ ነው። መባረሩም ሩቅ አልነበረም፤ ሥራ አስኪያጁ እንግዳ በበዛበት ሰሞን ማንም ንቅንቅ አይልም ብሎ ነበር።

«ታዲያ እንዴት ለቀቀሽ?» አለች ዘውድነሽ።

«አባቴ መጥቶ ለመነልኝ» አለች ጋዲሴ፤ ሳቋ አመለጣት። «አባቴ እኮ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ኮት የለበሱ ሰውዬ አንገታቸውን ደፍተው ገቡና ‹የጋዲሴ አባት ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው› አሉ። ሥራ አስኪያጁ ግራ ገብቶት ምን አጠፉ ቢላቸው፣ ‹ሳላስተምራት ዳርኳት፤ አሁን ደግሞ ልጇ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማለች› አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው መቆጣት ጀመሩ። ሰውየው ራሱ ነው ‹ይበቃል አባቴ፣ ትሂድ› ያለው።»

ዘውድነሽ ወንበሯን ወደ ጋዲሴ አስጠጋች። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ስለ ቡዜ ተነጋገሩ። ጋዲሴ ማታውኑ ወደ ላንጋኖ መመለስ አለባት። በየሳምንቱ ዘውድነሽ እንድትደውልላትና የልጅቷን ነገር እንድትነግራት ተስማሙ። ግን በየቀኑ የቤት ሥራዋን የሚያይላት ማን ነው? ሁለቱም በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። ኦቦ ደገፋ ከበሩ ወዲያ፣ ፀሐይ ላይ፣ ኮታቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። አስገቡኝ አላሉም፤ ደንብ ደንብ ነው።

ዘውድነሽ ወደ በሩ ወረደችና ዘበኛውን ኦሊቃን «አስገባቸው» አለችው።

ኦሊቃ ደንብ የሚወድ ሰው ነው። «የማን ወላጅ ናቸው ልበል? የቡዜ እናት ገብታለች። ለአንድ ልጅ አንድ ወላጅ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ኦቦ ደገፋ አንድ ልጅ ፈልገው ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘውድነሽ ቀደመቻቸው። አባቷን የቀበረችው ባለፈው ክረምት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

«የእኔ ወላጅ ናቸው» አለች።

ኦሊቃ መንገዱን ለቀቀ። ኦቦ ደገፋ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወደ ዩኒት ሊደሯ ጠጋ ብለው ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምን አጥፍተሽ ነው?»