ቡችላው ዝም ያለ ለት

[ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ። በመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ግቢ ውስጥ አንድ የኪራይ ክፍል። ተከራዮቹ የአንድ ፋብሪካ ባልደረቦች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ሁሉን አውቃለሁ ባዩ ሕዝቅኤልና የመራዊው ልጅ ጌትነት። መብረቅ የሚሉት፣ ከጫማ የማይበልጥ ቡችላ አላቸው። ከሰዓት በኋላ ነው። ጌትነት ጆንያ ተሸክሞ ገብቷል።]

ሕዝቅኤል፦ አፈር! መራዊ ድረስ ልኬህ አፈር ይዘህልኝ መጣህ?

ጌትነት፦ ያልኸኝን ነው ያመጣሁ።

ሕዝቅኤል፦ እኔ ያልኩህ ጨርቅ ነው! የእናቱ ጠረን ያለበት ጨርቅ! ቡችላ ሌሊት የሚያለቅሰው እናቱ ናፍቃው ነው፤ ጠረኗን ካገኘ ይተኛል አልኩህ።

ጌትነት፦ እናቱ ጨርቅ የላትማ። እኛ ቤት ጎተራው ሥር መሬት ላይ ነው የምትተኛ። የተኛችበትን ቆፍሬ አመጣሁት።

ሕዝቅኤል፦ በሚኒባስ?

ጌትነት፦ ረዳቱ ጤፍ መስሎት አንዲት ወፍራም እመቤት አስቀመጠበት። አሁን ትንሽ የእሳቸውም ጠረን ሳይኖርበት አይቀርም።

ሕዝቅኤል፦ [ራሱን ይዞ] ትናንትስ? ጣና ዳር ወስደህ አጫውተው፣ ሲደክመው ለጥ ይላል ብዬህ አልነበር?

ጌትነት፦ ወሰድሁት። ደክሞኝ ለጥ ያልሁት እኔ ነኝ።

ሕዝቅኤል፦ እሱስ?

ጌትነት፦ እሱማ መንገዱን ሁሉ ታቅፌው ነበር፤ ምን ያደክመዋል?

ሕዝቅኤል፦ ስማ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ዛሬም ከጮኸ ቤት የለንም።

ጌትነት፦ ማን አለ?

ሕዝቅኤል፦ የኔታ ናቸዋ! ሰውየው ጸጥታ ወዳድ ናቸው። አውራ ዶሯቸውን እንኳ ለፋሲካ አሳርደው ተገላገሉ።

ጌትነት፦ ጠርተው አበሉን እንጂ። ፈረሰኛውን የበላኸው አንተ ነህ።

ሕዝቅኤል፦ ነገር አታዙር!

ጌትነት፦ የኔታ ምንም አላሉም እኮ። እንዲያውም ትናንት፣ «የዚህ ልጅ ድምፁ ያምራል» አሉኝ።

ሕዝቅኤል፦ አየህ! አንተ እዚሁ ጎጃም ተወልደህ ጎጃም አልገባህም። የቅኔ መምህር ናቸው እኮ! የቅኔ መምህር የልቡን በቀጥታ ይናገራል? ሰሙ «ድምፁ ያምራል» ነው፤ ወርቁ «እንቅልፍ ነሣኝ»።

ጌትነት፦ ወተትም ሰጡት። በኩባያ።

ሕዝቅኤል፦ ወተት! [ዘጭ ብሎ ይቀመጣል] ወተት የሚጠጣ ማነው? ሕፃን። ሕፃን ያለው ማነው? ባለትዳር። ባለትዳር አንድ ክፍል ይበቃዋል? አይበቃውም። እንግዲህ ሰፋ ያለ ቤት ፈልጉና ልቀቁልኝ ማለታቸው ነው።

ጌትነት፦ ይሄ ሁሉ ኩባያው ውስጥ ነበር? መብረቅ እኮ ጠጣው።

ሕዝቅኤል፦ ዛሬስ በር ላይ ምን ሲሉህ ነበር?

ጌትነት፦ «ነገ በዓል ነው፤ የቡችላውን ነገር አደራ» አሉኝ።

ሕዝቅኤል፦ አደራ አሉ? በቃ፣ አለቀልን! የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው።

ጌትነት፦ ሄጄ «ምን ማለትዎ ነው?» ብዬ ልጠይቃቸው?

ሕዝቅኤል፦ የቅኔ መምህርን ቅኔዎን ይፍቱልኝ ልትል? ነውር አይደለም? እሱን ለእኔ ተወው። ዛሬ ዝም ካላለ፣ ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ መራዊ ይመለሳል።

ጌትነት፦ [ቡችላውን ደረቱ ላይ ለጥፎ] እንዲያ ከሆነ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። እሱ ሳይመጣ፣ ከሥራ ስገባ ደስ የሚለው ማን ነበረ? አንተ እንደሆንህ ከስልክህ ቀና ብለህ አታየኝም።

ሕዝቅኤል፦ [ትንሽ ደንገጥ ብሎ] እሺ፣ እሺ። አልቅስልኝ አላልኩህም። የሚተኛበትን ካርቶን አልጋህ አጠገብ አምጣው። ያንን አፈርህንም ጨምርበት፣ ምን ይደረጋል። ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሙላና በካልሲ ጠቅልለህ አስተኛለት።

ጌትነት፦ በማን ካልሲ?

ሕዝቅኤል፦ በአንተ።

ጌትነት፦ የኔን ካሸተተ እናቱን ይረሳል።

ሕዝቅኤል፦ በእኔ ይሁን! ከመተኛቱ በፊት ሽንቱን ይሽና። ሌሊት ቢነጫነጭ እጅህን ካርቶኑ ውስጥ ከተት አድርግለት እንጂ እንዳታነሣው።

ጌትነት፦ እኔ ባለቅስስ?

ሕዝቅኤል፦ አንተንም አላነሣህም።

[በማግሥቱ። ፀሐይ ግቢውን ሞልታዋለች። ሁለቱ በር ላይ ቆመው ይንጠራራሉ። መብረቅ ካርቶኑ ውስጥ፣ አፈሩ ላይ ተዘርግቶ ያንኮራፋል።]

ሕዝቅኤል፦ ሰማህ? ሌሊቱን ሙሉ ጭጭ! ታዲያ የሚመሰገነው ማነው?

ጌትነት፦ አፈሩ።

[የመሪጌታ በር ይከፈታል። መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው፣ ጥምጣማቸውን እየጠመጠሙ ይወጣሉ። ፀሐይዋን ሲያዩ ክው ይላሉ።]

መሪጌታ፦ ስንት ሰዓት ነው?

ሕዝቅኤል፦ [ጎንበስ ብሎ] ሦስት ሰዓት ነው የኔታ። እንቅልፍ እንዴት ነበር?

መሪጌታ፦ እንቅልፍማ ተኛሁ! በዓመት አንዴ ለሚመጣ በዓል ተኛሁ! ማኅሌቱ አለቀ፣ ቅዳሴው ወጣ፣ እኔ እዚህ ተገትሬያለሁ! ቡችላው ምን ሆነ? ታመመ እንዴ?

ጌትነት፦ ደህና ነው የኔታ። ዝም አሰኘነው።

መሪጌታ፦ ዝም! አውራ ዶሮዬ ከታረደ ወዲህ የሚቀሰቅሰኝ እሱ አይደለም? ስልኩን እንደሆነ ነካ አድርጌ አጠፋውና መልሼ እተኛለሁ። ቡችላው ግን ማጥፊያ የለው። ድምፁ ያምራል አልሁ፤ ጉሮሮው እንዳይደርቅ ወተት ሰጠሁ፤ ትናንት እንኳ አደራ አልሁ!

ሕዝቅኤል፦ እኔ እኮ የኔታ... ወርቁን ስፈልግ...

መሪጌታ፦ የምን ወርቅ?

ጌትነት፦ እርስዎ የሚናገሩት ሁሉ ቅኔ እየመሰለው ነው።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ ቅኔዬን ጉባኤ ቤት ተቀኝቼ ጨርሼ ነው የምመጣ። እዚህ በር ላይ ስለ ቡችላ ካወራሁ፣ ስለ ቡችላ ነው ያወራሁ።

ሕዝቅኤል፦ [ላብ እየጠረገ] እንግዲያው ማታ አፈሩን እናወጣለን፤ እንደ ድሮው ይጮኻል።

ጌትነት፦ አይሆንም! ገና አሁን እንቅልፍ ቢያገኝ!

መሪጌታ፦ [ካርቶኑ ውስጥ አየት አድርገው፣ ፈገግ እያሉ] እውነት ነው፣ ይተኛ። ለእኔ ሲባል ሕፃን አያለቅስም። ዝም ያሰኘው ሰው በምትኩ ይግባ። ሕዝቅኤል፣ በዓል በሆነ ቁጥር ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መስኮቴ ሥር ቆመህ ታላዝንልኛለህ።

[መቋሚያቸውን እየመቱ ይሄዳሉ።]

ሕዝቅኤል፦ [ቀስ ብሎ] ጌትነት... ይቺስ ወርቅ ይኖራት ይሆን?

ጌትነት፦ የላትም፣ ሰም ብቻ ናት። ጉሮሮህ እንዳይደርቅ ግን ወተት ላምጣልህ።