ክቡር አቶ ግን እና የክትባቱ ጠርሙስ

ስብሰባ ባለበት ሁሉ፣ ሰው አበቃ ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ እጁን የሚያወጣ አንድ ሰው አይጠፋም። በእንስሳት ጤና ቢሮ ይህን ማዕረግ የያዙት አንድ አዛውንት የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ሠራተኛው በሌሉበት "ክቡር አቶ ግን" ይላቸዋል።

መንግሥትና አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ተጣምረው ለድሃ አርቢዎች የፍየል ክትባት ሊያወጡ ደፋ ቀና ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ሥራውን የምታስተባብረው ሴት ውሉ ተፈርሞ እፎይ የምትልበትን ቀን ትናፍቃለች። አዛውንቱ ሐኪም መነጽራቸውን ወልውለው ይነሱና፣ "መልካም ነው፤ ግን ሁለት ፍየል ያላት ምን ትሁን?" ይላሉ።

ጭቅጭቁ በጠርሙሱ ነው። የፋብሪካው ጠርሙስ ለመቶ ፍየል የሚበቃ ነው፤ ከተከፈተ ደግሞ በዕለቱ ያላለቀው ይደፋል። ሐኪሙ ትንሽ ጠርሙስም ይሠራ ሲሉ፣ አያዋጣም ይላል የፋብሪካው ሰው። ሐኪሙ ወይ ፍንክች። ስለ ማስታወቂያው ሲወራ ጠርሙሱን ያነሳሉ፤ ሻይ ሲጠጣም የስኳሩን ዕቃ ጠርሙስ አድርገው ያስረዳሉ። አስተባባሪዋ አንድ ቀን ታክቷት፣ "ዶክተር፣ እርስዎ ባይኖሩ ክትባቱ ይሄኔ ገበያ ላይ ነበር" አለቻቸው። አልተቀየሟትም። "እውነትሽን ነው ልጄ" ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ አስተባባሪዋ ክትባቱ ወደሚሞከርበት መንደር ሄደች። አንዲት ሴት ሁለት ፍየሎቿን በገመድ እየሳበች መጣች። ከታቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለሁለት ፍየል ብሎ ጠርሙስ ቢከፍት የቀረው እንደሚደፋ ነግሯት ሌላ ሰው እስኪመጣ እንድትጠብቅ ለመናት። ሴትዮዋ ግድግዳ ተደግፋ ዋለች። የመጣ አልነበረም፤ ሲመሽ ፍየሎቿን ይዛ ተመለሰች። ቆይቶ ክትባቱ የሚከላከለው በሽታ መንደሩ ሲገባ ሁለቱም አለቁባት። ይህም አስተባባሪዋ ጆሮ ደረሰ።

የፊርማው ቀን ደረሰ። ሐኪሙ ታመው ሆስፒታል ተኝተዋል። አዳራሹ ቀለል አለው፤ ስብሰባው ሻይ ሳይቀርብ አለቀ፤ የፋብሪካው ሰው ብዕሩን ለአስተባባሪዋ አቀበላት። እሷ ውሉን አንብባ ትንሹ ጠርሙስ እንዳልተጻፈበት አየች።

"ይሄ ካልገባበት አልፈርምም" አለች።

ሰውየው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እሳቸው በሌሉበት ቶሎ ብንጨርሰው ይሻላል አላት።

"ሰው ታሞ በተኛበት ቤቱ አይዘረፍም" አለችው። ብዕሩን መልሳለት ሐኪሙን ልትጠይቅ ወደ ሆስፒታል ሄደች።