የለቅሶ አዛዥ ወይዘሮ ሙሉመቤት

በየሰፈሩ ሞትን ራሱን «ሥርዓት ይዘህ ግባ!» ብሎ የሚቆጣ ሰው አይጠፋም። በ1971 ዓ.ም. ሐረር ሸዋ በር ላይ ይህን ከባድ ሥልጣን የያዙት፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ ክብርት ወይዘሮ ሙሉመቤት ነበሩ።

ለቅሶ ቤት ከገቡ አለቀ። «አንቺ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቂ! አንተ ደግሞ፣ እንባህ የታል?» አንድ ጊዜማ ቄሱን «ፍትሐቱን አያሯሩጡት አባቴ፣ ሟች ባቡር አያመልጠው» ብለዋቸዋል አሉ። የሟች ዘር እስከ ሰባት ቤት በቃላቸው ነው።

በጦርነቱ ከጅጅጋ ተፈናቅላ፣ ሽማግሌ አባቷን ይዛ ጎረቤታቸው የገባችው መምህርት ጽጌ ግን አልቻለቻቸውም። ቀብር በሆነ ቁጥር በሯን ይደበድባሉ።

«ሰው ያልቀበረን ማን ይቀብረዋል?»

«ደብተር እያረምኩ ነው፣ እትዬ።»

አንድ እሑድ ማለዳ የጽጌ አባት አቶ ሀብተወልድ አረፉ። ሰፈሩ ግን እንዳለ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው፤ የቀረ ወዮለት! ጽጌ ባዶ ግቢ ውስጥ ደረቷን መታች። «ቃሬዛ የሚይዝ አራት ሰው አጣሁልህ! አባዬ፣ አዋረድኩህ!»

ዕድሜ ከስብሰባ ነፃ ያወጣቸው ወይዘሮ ሙሉመቤት ሰሙ። አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። በቀጥታ ሄደው አዳራሹ በር ላይ ቆሙ።

«እናቴ፣ ስብሰባ ላይ ነን» አሉ ሊቀመንበሩ ጓድ ግርማ።

ማን ሊሰማ! ወይዘሮዋ ሙሾውን ለቀቁት።

«እንግዳ ሊሄድ ነው ሄዶ ላይመለስ፣
ሐረር ሰው የለም ወይ ወጥቶ የሚያለቅስ!»

ከዚያ የተሰብሳቢውን ሙታን በየስማቸው ይጠሩ ጀመር። «አሰፋ፣ አባትህን በዚያ ዝናብ ማን ሸኘልህ? ዘይነባ፣ ከወንድምሽ ቀብር ማን ቀረ? ግርማዬ፣ እናትህ ብርነሽ ታይሃለች!»

አሰፋ ብድግ አለ። ዘይነባ «ኢና ሊላሂ» እያለች ተከተለች። ጓድ ግርማ ስብሰባው መበተኑን ሊያውጁ አፋቸውን ቢከፍቱ፣ «እናቴን!» ብለው ተንሰቀሰቁ።

ጽጌ በሯ ላይ ሰው ሲጎርፍ አየች። ቃሬዛውን ሊቀመንበሩ ከፊት ያዙ፤ ወንዶቹ ለመሸከም ተጋፉ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ደርሳ ዞር ስትል የሰልፉ ጭራ ገና ሸዋ በር ነው። «አባዬ፣ ቀና ብለህ እይ! ሰው አለን!» አለች፣ እያለቀሰች ኮራች።

የወይዘሮ ሙሉመቤት ድምፅ በዚያው ተዘጋ። ሰፈሩ እፎይ ይላል ሲባል ጭር አለበት። ጽጌ በየማለዳው አብሽ በማር በጥብጣ ትወስድላቸዋለች። አልጋቸው ጫፍ ተቀምጣም ትለምናለች፦

«ይጠጡ እንጂ እትዬ፣ ቶሎ ይዳኑና ይቆጡኝ።»