ሲኞራ ኤልቪራ እምቢ ማለትን ሲማሩ

ራስን የመለወጥ መጽሐፍ አንብቦ ራሱን የለወጠ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ የሚለወጠው አብሮት የሚኖረው ሰው ኑሮ ነው! አትቆጡ እንጂ... ማስረጃዬን ሰምታችሁ ትፈርዳላችሁ።

ሐሙስ ከሰዓት ለእኛ ለሮም የቤት ሠራተኞች የእረፍት ሰዓታችን ነው። ቪያ ቮልቱርኖ ጎዳና ላይ ካለች አንዲት የሐበሻ ምግብ ቤት የኋላ ጠረጴዛ እንሰበሰብና መጽሐፍ እናነባለን፤ ማለትም አንዳንዶቻችን እናነባለን፣ ሌሎቻችን አስተያየት እንሰጣለን። ባለፈው የተነሣው እምቢ ማለትን የሚያስተምር የሥነ ልቦና መጽሐፍ ነበር።

"ሕይወቴን ለውጦታል!" አለች ጓደኛዬ ብርሃኔ። የብርሃኔን ሕይወት የማይለውጥ መጽሐፍ የለም። ዘንድሮ ብቻ አራት ጊዜ ተለውጣ፣ አሁንም ያንኑ አውቶቡስ ጠብቃ፣ እዚያው ቤት ወለል ትወለውላለች።

ለትምህርት ሮም የመጡት ካቶሊካዊው ካህን አባ ተክሌ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ "ክፋት የለውም። ብቻ ንስሐ የሌለበት ኑዛዜ መሰለኝ" አሉ።

"እኔስ አልወደድኩትም!" አልኩ። "የኛ ሰው 'እሺ ይበልጣል ከሺህ' ብሎ በሦስት ቃል የጨረሰውን፣ ይሄ ሰውዬ ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ሲያፈርሰው ይውላል!"

"የትኛውን ምዕራፍ ነው ያልወደድሽው?" አለች ብርሃኔ።

"ኧረ እኔ አላነበብኩትም!"

ሳቁብኝ። አስተያየት ለመስጠት ማንበብ ግዴታ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? አባ ተክሌ ግን መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "እንግዲያው አንብቢውና የሚመጣው ሐሙስ ትነግሪናለሽ።" ካህን ሲያዝ ምን ይባላል? እሺ አልኩ።

የምንከባከባቸው ሴት ሲኞራ ኤልቪራ ይባላሉ። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በጉልበታቸው ዘመን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ አደባባይ ብዙም በማይርቅ አሮጌ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰባት ዓመት አብረን ኖረናል።

ቅዳሜ ልጃቸው ፓትሪሲያ ደወለች። "ነገ ማማን ኦስቲያ ወስደሽ ባሕር አሳያት።" እሑድ የእረፍት ቀኔ ነው! መጽሐፉ ደግሞ እንዲህ ሲያጋጥም እምቢታው አጭር ይሁን፣ ምክንያትም አይጨመርበት ይላል። ጉሮሮዬን ጠራረግኩና፣

"ኖ!" አልኳት።

ዝም አለች። እኔም ዝም። ዝምታው ግን ከበደኝ...

"ማለቴ... ቤተ ክርስቲያን ስላለብኝ... እግሬንም ትንሽ... ደግሞ ሊዘንብ ይችላል ሲሉ ሰምቼ... እ... ስንት ሰዓት ላይ ብንወጣ ይሻላል?"

እሑድ ኦስቲያ ነበርን።

ባቡር ውስጥ መጽሐፉን ሳወጣ ሲኞራ አንገታቸውን አሰገጉ። "ይሄ የጉንዳን ሠራዊት የመሰለ ጽሕፈት ምንድን ነው የሚለው?" መንገዱ እንዲያጥርልን እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። እኔ ለመሳቅ ነበር፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ባሕሩ ዳር ደርሰን እንኳ ማዕበሉን ትተው "ቀጥዪ!" ይሉኛል። ጄላቶ አይስክሬማቸው እጃቸው ላይ ቀልጦ አለቀ። እንዲህ ያለ አንባቢ... አድማጭ ማለቴ ነው፣ ደራሲው ራሱ አግኝቶ አያውቅም!

ሰኞ ጠዋት የደም ግፊት ኪኒናቸውን ይዤ ቀረብኩ።

"ኖ" አሉኝ።

"ምነው ሲኞራ፣ አመመዎት?"

"ምክንያት አልሰጥም። ምዕራፍ ሁለት።"

ገላ መታጠብ? ኖ። ሾርባ? ኖ። ካልሲ? ኖ! "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ይባላል፤ የሲኞራ መከራ ግን የሚመክረው እኔን ነው! ኪኒናው ቢቀር ተጠያቂዋ ማን ሆነችና?

"ሲኞራ፣ መጽሐፉ እኮ የተጻፈው እንደኔ ላለ ታዛዥ ሰው ነው!"

"እኔስ?" አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "መጀመሪያ ለአባቴ፣ ቀጥሎ ለባሌ፣ አሁን ደግሞ ለልጄ... ዕድሜ ልኬን ሲ፣ ሲ፣ እሺ፣ እሺ ስል ኖርኩ። ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?"

ሰባት ዓመት ሙሉ ሾርባ ሳቀርብላቸው፣ ሾርባ ይወዱ እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ለካ አይወዱም!

ኪኒናው ግን እንዴት ይቅር? "ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ እንግዲያው ዛሬ አይዋጡ" አልኳቸው።

"ኖ!" ብለው ከእጄ ነጥቀው ዋጡት። ይኼን ዘዴ መጽሐፉ ውስጥ አላገኘሁትም፤ ለሁለተኛው እትም በነጻ ለግሻለሁ።

ረቡዕ ፓትሪሲያ ቦርሳ ያንጠለጠለ ኖታዮ፣ ያው ውል የሚያዋውል ሰው፣ አስከትላ መጣች። ነገሩ ለካ አልቆ ደቆ ኖሯል፤ ቤቱ ይሸጣል፣ እናትየዋ የአረጋውያን መኖሪያ ይገባሉ። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ሁሉንም እሰማለሁ። ቤቱ ከሄደ አልጋዬም ሄደ፤ ሥራዬ ከሄደ ደግሞ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በምን ይታደሳል? እንባዬ ወረደ። ሽንኩርቱ ነው እንዳልል ገና አልላጥኩትም!

"ማማ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ። መኖሪያው አትክልት ቦታ አለው፣ ሙዚቃ አለው..."

እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ተሰማኝ።

"ኖ።"

"ለምን?"

ዝም።

"ማማ፣ ምክንያትሽን ንገሪኝ እንጂ!"

"ኖ።"

ፓትሪሲያ ሩብ ሰዓት ያህል ለመነች፣ ለፈለፈች፣ ጮኸች። ሲኞራ አንዲት ቃል አልጨመሩም። እኔ ስልክ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያልቻልኩትን ዝምታ፣ አሮጊቷ እንደ ሹራብ ደርበውት ቁጭ አሉ! በመጨረሻ ኖታዮው "አሎራ፣ እንግዲህ ሲኞራዋ ካልፈለጉ እኔ እዚህ ሥራ የለኝም" ብሎ ቦርሳውን ዘጋ። ፓትሪሲያ በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች።

ሐሙስ ይኼንኑ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ብርሃኔ "አላልኳችሁም?" ብላ አጨበጨበች። አባ ተክሌ ግን መጽሐፉን አንሥተው ገለጥ ገለጥ አደረጉና ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ "እኔ እንኳ... አለቃዬ እሑድ እሑድ ሦስት ቦታ ቀድስ እያሉ አድክመውኛል። ለጥቂት ቀን ልዋሰው?" አሉ።

ከሁለት ቀን በኋላ ፓትሪሲያ ተመልሳ መጣች። ልታባርረኝ ነው ብዬ ሻንጣዬን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ። እሷ ግን ወጥ ቤት ገብታ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

"ቤቱ አይሸጥም" አለችኝ። "ሽጪው ሽጪው ያለኝ ባሌ ነበር፤ እኔም እሺ አልኩት። ለባሌ እሺ፣ ለአለቃዬ እሺ፣ ለልጆቼ እሺ... ደከመኝ።" ከዚያ ወደ በሩ ገልመጥ ብላ አንሾካሾከች። "ማማ ስለ አንድ መጽሐፍ ነግራኛለች። በጣልያንኛ ይገኛል?"

መጽሐፉ ራሱ ከፈረንጅ ቋንቋ የተተረጎመ ነው። ጣልያንኛው በዚህ ከተማ መጽሐፍ መደብር ሁሉ ተደርድሮ በዓይኔ አይቻለሁ።

"አይገኝም!" አልኳት።

አትፍረዱብኝ! እናትየዋም ልጅየዋም ኖ ማለት ከጀመሩ፣ በዚያ ቤት እሺ ባይ ሆና የምትቀረው ማን ልትሆን ነው?