ማማ ካሂንዶ በልሙጥ ቦቲ ላይ የዘመቱት ዘመቻ

በዘመነ ዳግ፣ እርሱ በማታው ፈረቃ ላይ አለቃ ሆኖ በተሾመ በአራተኛው ዓመት፣ በካናዳ የአልበርታን ሜዳ በረዶ በደፈነበት ወራት፣ በሬ በሚታረድበትና ሥጋው በሚታሸግበት በታላቁ ፋብሪካ፣ ከኮንጎ ምድር ከቡቴምቦ የተነሡት፣ ሥጋ ከአጥንት ሲለዩ ክንዳቸው የማይዝለው፣ ሳቃቸው የማሽኑን ጩኸት የሚያሸንፈው እመቤት ማማ ካሂንዶ ያደረጉት ተጋድሎ ይህ ነው፤ ይጻፍ ዘንድ ይገባልና ተጻፈ።

የጠቡም መነሻ ቦቲ ነበረ። ፋብሪካው ለሠራተኛው ሁሉ ነጭ ቦቲ በዓመት አንዴ ያድላል፤ ወለሉ ግን ስብና ውኃ አይለየውምና፣ ዓመቱ ሳይጋመስ የቦቲው ሶል ተልጦ እንደ ሳሙና ይሆናል። በአንዲት ክፉ ማታም የጋናዋ ኤፉዋ፣ በማማ ካሂንዶ ቀኝ ቆማ የምትሠራው፣ ቢላዋ በእጇ እንደያዘች አዳለጣትና ወደቀች፤ ቢላዋው በእግዚአብሔር ቸርነት ወደ ግድግዳው በረረ፣ የእጇ አንጓ ግን ተሰበረ። አለቃ ዳግ ግን «ሠራተኛዋ ባለመጠንቀቋ ወደቀች» ብሎ ፈረደ። ኤፉዋ ይህን ስትሰማ፣ «እኔ ነኝ ያልተጠነቀቅኩት? ጫማው ራሱ ጥሎኝ ሄደ እኮ!» ብላ ሳቀች፤ ወዲያውም አለቀሰች።

ማማ ካሂንዶ ግን አልሳቁም፣ አላለቀሱም። በመልበሻው ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥተው፣ የላስቲክ ሽርጣቸውን እንደ ካባ ደርበው፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስሙኝ ልጆቼ! እዚህ ቤት የደኅንነት ኮሚቴ የሚባል አለ። ለሠራተኛም ወንበር አለው። ማን እንደሚቀመጥበት ታውቃላችሁ? ኮት! የአለቆቹ ኮት ነው ተደራርቦ የሚቀመጥበት። ከእንግዲህ እኔ እቀመጥበታለሁ። የሚቃወም አለ?»

የሚቃወም አልተገኘም፤ ምርጫውም በእልልታ ተፈጸመ። የደኅንነት ኃላፊዋ ሼረንም ወንበሩ ባለቤት እንዳልነበረው ታውቅ ነበርና፣ «ይምጡ» ብላ ላከች።

ከዚህም በኋላ ፈተና መጣ። ዳግ በመተላለፊያው ሲያልፍ፣ «ብዙ የሚያወራ ሰው የሥራ ሰዓቱ እንዳያንስበት» ብሎ እንደ ቀልድ ጣል አደረገ፤ በቀልዱ ግን ማንም አልሳቀም። ሠራዊቱ ቀለጠ፤ አብረን እንዘምታለን ያሉት ሁሉ አንዱ ወገቡን፣ አንዱ ልጁን አመመው። ማማ ካሂንዶም የቤት ኪራዩንና ልጆቻቸውን አስበው ፈሩ፤ መፍራታቸውንም ይህ ጸሐፊ አይሸሽግም። ነገር ግን በኮሚቴው ጉባኤ ዕለት ኤፉዋ በአንድ እጇ የካፖርቷን ቁልፍ ለመቆለፍ ስትታገል አዩና፣ ቆለፉላትና፣ «ነይ እንሂድ» አሏት።

የዘማቾቹም ሥርዓት ይህ ነበረ፤ በፊት ማማ ካሂንዶ፣ ኪቴንጌ የሚሉትን ደማቅ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰው ወፍራም ጃኬት የደረቡ፤ በቀኝ ኤፉዋ፣ በጀሶ የታሰረ እጇን እንደ ሰንደቅ የያዘች፤ በግራ የደቡብ ሱዳኑ ዲንካ ማጆክ፣ በር ሁሉ የሚያስጎነብሰው፣ በኬንያው የካኩማ ስደተኞች መጠለያ ስዋሂሊ፣ በካናዳ እንግሊዝኛ ተምሮ አስተርጓሚ ይሆን ዘንድ የተመረጠ፤ ከኋላም ጉጉታቸው ከፍርሃታቸው የበረታ ጥቂት የማታ ሠራተኞች፣ እያዛጉ። ማማም ወደ ጉባኤው ገብተው ኮቶቹን አንድ በአንድ አንሥተው ለየባለቤታቸው አደሉና ተቀመጡ።

ሼረንም በቅን ልብ፣ «ስለ ቦቲ እስከ ዛሬ ምንም ቅሬታ አልደረሰንም» አለች።

«እንዴት ይድረሳችሁ?» አሉ ማማ በስዋሂሊ። «እናንተ የምትሰበሰቡት እኛ ስንተኛ! የምትለጥፉት ሁሉ በማናነበው ቋንቋ! ስንወድቅ ደግሞ ‹አልተጠነቀቀችም›! እኛ ሰው አይደለንም?»

ማጆክ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ማማ የስብሰባው ሰዓት ትንሽ ቢስተካከል ደስ ይላቸዋል» ብሎ ተረጎመ።

ማማ እንግሊዝኛ ባይናገሩትም ጆሯቸው ይይዘው ነበርና፣ «አንተ ማጆክ! እኔ ደስ ይለኛል አልኩ? እንዳልኩት ንገራት!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማጆክም እያላበው እንዳሉት ተናገረ፤ ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ።

ከሹማምንቱ መካከል ዳግ ተነሥቶ፣ «ሥልጠና ሰጥተናል፤ ገብቶናል ብለው ሁሉም ፈርመዋል» አለ።

«ካልፈረምን ሥራ አታስጀምሩንማ!» አሉ ማማ።

ሼረን ብዕሯን አንሥታ፣ «ከኤፉዋ ሌላ የወደቀ ሰው አለ?» ስትል ጠየቀች። ማጆክ ጥያቄውን ወደ ስዋሂሊ መለሰው። ሁሉም የሚያየው ዳግን ነበር። በዚያን ጊዜ ማጆክ፣ የሌላውን ቃል ሲያመላልስ የቆየው፣ ከወንበሩ ተነሣና፣ «እኔ» አለ።

«ሥጋ ተሸክሜ በጀርባዬ ወደቅሁ። ይሄን የሚያህል ሰው ወደቀ እንዳይባል አፍሬ ዝም አልኩ። ለሚስቴም አልነገርኳት። እስካሁን ጎንበስ ስል ያመኛል።»

ማማ ካሂንዶ፣ «ወይኔ ልጄን!» ብለው እጁን ያዙት። ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ ሌላም ወጣ፤ ሲያዛጉ የነበሩት ሁሉ እጃቸውን አወጡ። ዳግ ጠረጴዛውን እያየ፣ «በእውነቱ እኔም በገና ሰሞን ወድቄአለሁ፤ ደግነቱ ማንም አላየኝም» አለ።

«አይተንሃል አለቃ!» አለች ኤፉዋ። «ሁላችንም ነን ያየንህ!»

ዳግ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ከሁሉ አስቀድሞ ሳቀ። ከሳቁም በኋላ ሼረን ይህን አዋጅ አወጀች፦ ሶሉ ያለቀበት ሁሉ አለቃውን ሳይለምን፣ በዚያው ቀን አዲስ ቦቲ ይውሰድ፤ ጉባኤው ፈረቃ በሚለዋወጥበት ሰዓት፣ ከነአስተርጓሚው ይሁን፤ የኤፉዋም ጥፋት ይሰረዝላት፤ በመናገሩም ማንም ሰዓት አይቀነስበት።

ሹማምንቱም ነገሩ አለቀ ብለው ኮታቸውን እየለበሱ ሲነሡ፣ ማማ ካሂንዶ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። «ምነው፣ ወዴት ነው?» አሉ። «ተቀመጡ እንጂ! ገና አንድ ነገር ብቻ እኮ ነው ያወራነው።»

አለቃ ዳግ ከሁሉ አስቀድሞ ተቀመጠ። ማጆክም፣ አንዲት ቃል ሳይቀንስ፣ ተረጎመ።

የተዘጋ ጉባኤ ያስከፈቱ፣ ዝም ያለውን ያናገሩ፣ የብዙዎችን እግር በምድር ላይ ያጸኑ ማማ ካሂንዶ፣ ዕድሜያቸው ይርዘም፣ ድምፃቸውም ከቶ አይዘጋ!