የአቶ እሸቴ ይቅርታ

አቶ እሸቴ ጠዋት ጠዋት ፒያሳ በሚሠሩበት ወርቅ ቤት ደጃፍ ቆመው የሚገባውን ሠራተኛ ሁሉ ጫማ ያያሉ። አዲስ ጫማ ያዩ እንደሆነ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። “ደመወዛችን እኮ ያው ነው” ይላሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ማንም ሳይሾመው መርማሪም ዐቃቤ ሕግም ዳኛም ነው፤ የሚጎድለው ማስረጃ ብቻ ነው።

ለተክርስቶስ ከእኚህ ክቡር ዳኛ ጋር በአንድ ባንኮኒ ስትሸጥ ኖራለች። ምራቋን ስትውጥ እንኳ ጉሮሮዋን እንደሚፈትሹ ታውቃለች፤ ታግሣው ነበር። ባለፈው ወር ግን ከማሳያው አንድ አምባር ጠፋ። አቶ እሸቴ ጫማዋን አዩ። አዲስ ነበር።

“ሌባዋ ይቺው ናት” አሉ፣ ለሠርግ ወርቅ ልትመርጥ የመጣች ሙሽራ ከነእናቷ ቆማ እየሰማች። አልበቃቸውም። ጎን ካለው ካፌ ገብተው፣ ማኪያቷቸው እስኪቀርብ ድረስ ለአስተናጋጁም ለተስተናጋጁም አብራሩ።

ከሰዓት በኋላ የወርቅ ቤቱ ባለቤት አቶ ገብረሕይወት አምባሩን ከኪሳቸው አወጡ። ለአንድ ደንበኛ ሊያሳዩ ይዘውት ወጥተው ኖሯል።

“እንኳን ተገኘ” ብለው አቶ እሸቴ የማሳያውን መስታወት መወልወል ጀመሩ።

ለተክርስቶስ ግን ሌባ የተባለች ሻጭን ሌላ ወርቅ ቤት እንደማያስጠጋት ታውቃለች። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ በስም ማጥፋት አመለከተች። አቶ እሸቴ ነገሩ እስከ እስር ሊያደርስ እንደሚችል፣ ክሱንም ማንሳት የምትችለው እሷ መሆኗን ከጠበቃ ሲሰሙ ሽማግሌ ሰበሰቡ። የሰፈሩን ልብስ ሰፊ አቶ ሸምሰዲንን አስቀድመው እሁድ ቤቷ ሄዱ።

ለተክርስቶስም ክሱን ለማንሳት ቆርጣ ነበር። እናቷ የታመመች ጊዜ፣ ሳትጠይቃቸው በእሷ ፈንታ ቆመው የሠሩላት እኚሁ ሰው ናቸው።

“በል ተናገር” አሉ አቶ ሸምሰዲን።

“ይቅር በይኝ ልጄ፤ ተሳስቻለሁ” አሉ አቶ እሸቴ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ነገሩ አልቆ ነበር። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው ግን ቀጠሉ፤ “አምባሩንስ አልወሰደችም። ግን ሰው እኮ እንዲያው በከንቱ አይጠረጠርም፤ ሌላ የወሰደችው ነገር ይኖራል።”



“እሸቴ፣ ያመጣኸን ለእርቅ ነው ለምስክርነት?” አሉ አቶ ሸምሰዲን።

ለተክርስቶስ ሳቋ አመለጣት። እስከ በር ሸኘቻቸው። “ጋሼ እሸቴ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ፤ ደረጃው ያዳልጣል” አለቻቸው፤ ክርናቸውንም ያዝ አደረገች።

ክሱን አላነሳችም። ችሎቱ ሐሙስ ነው፤ አቶ ሸምሰዲን የእሷ ምስክር ሆነው ይቀርባሉ።